ለእኛ ትንሹ ይበቃናል

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውብሸት ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጥና የሳሎኑን መጋረጃ ግጥም አድርጎ ዘግቶ አውሮፕላን ሊያበር ይቀመጣል። አውሮፕላኑ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በጎረምሳነቱ የእውነተኛውን ትምህርት ሊጀምር ሄዶ ነበር፤ ዓይኑን ሲመረምሩት የታችኛውን የፊደል መስመር ማንበብ ስላቃተው መለሱት። ዛሬ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆኖ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የተጋጨ መኪና እየዞረ ሲያይ ይውላል፣ እሑድ ግን ካፒቴን ነው፣ እሑድ ማንም አይናገረውም። መጋረጃውን የሚዘጋው የቀትር ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈ ስለሚያስቸግረው ነው። የጎረቤት ታንከር ውኃ ሲሞላ የሚያሰማው ረጅም ጩኸት፣ ደረጃው ላይ የሚሯሯጡ ልጆች ኮቴ፣ ከወጥ ቤት የሚመጣው የቁሌት ሽታ፣ ሁሉም እጨለማው ሳሎን ውስጥ ሲደርስ ደብዝዞ ነው፤ እሱ የሚያዳምጠው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው።

የኮንዶሚኒየም ሳሎን እንደመሆኑ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛና የምግብ ጠረጴዛው የተጠጋጉ ናቸው። ባለቤቱ ትርሲት ምሳ ስታቀርብ ውብሸት ድርሻውን በሳህን ይቀበልና ፊቱን ወደ ስክሪኑ፣ ጀርባውን ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ አድርጎ ይበላል።

«አንድ እሑድ እንኳ ዞር ብለህ ከእኛ ጋር ብትበላ ምን ትሆናለህ?» ትለዋለች።

«ላርፍ ስል ነው እኮ የምትጠሪኝ።»

ሁልጊዜ ሊያርፍ ሲል ነው። ትርሲት መልሱን ስለለመደችው አትከራከረውም፤ ከልጃቸው ከሶስና ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፣ የእሱ ወንበር ባዶውን መሀላቸው ይቆማል። ውብሸት ልጁን አይወድም ማለት አይደለም። ነፍሱ ናት። ሥርዓት ያስተማራትም እሱ ነው፤ «እየበላሽ ሰው ካየሽ እንብላ በይ፣ ሳትጠሪው እየበላሽ የሚያይሽ ሰው እንዳይኖር» ብሏት ስለነበር ሶስና የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን፣ የጎረቤቷን ሠራተኛ፣ አንድ ቀንማ በቴሌቪዥኑ መስኮት ብቅ ያለውን ዜና አንባቢ ሳይቀር በሞላ አፏ «እንብላ!» ብላዋለች። ያን ቀን ውብሸት እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እሱ አያይሽም፣ የኔ ማር።»

«ያየኛል፤ ወደኔ ነው የሚያየው» አለችው።

ውብሸት አብዝቶ የሚሄደው ገመዶ ወደምትባል የቆላ ማኮብኮቢያ ነበር። ድሮ የጭነት አውሮፕላን ያርፍባት የነበረች፣ በሁለት ኮረብታ መሀል የተሰነቀረች የጠጠር መንገድ ናት፤ እሷ ላይ ማረፍ ጭንቅ ስለሆነ ይወዳታል። ችግሩ አሮጌው ስክሪን ነበር። ከቢሮ ሲጣል ያመጣው ትንሽ ስክሪን ላይ የከፍታ መለኪያው ቁጥሮች ስምንትና ሦስቱ አይለዩም፣ ማኮብኮቢያዋ ደግሞ አፍንጫው ሥር እስክትደርስ ጭረት ነው የምትመስለው። ጭረቷ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። የዝንብ ቆሻሻ መስላው እጁ መሪው ላይ ስለነበር ሶስናን ጠራት።

«ነይ እስቲ ጣትሽን በምራቅሽ አርሺና ያቺን ጥረጊልኝ።»

ሶስና ጠረገችው። ነጥቡ ግን አልለቀቀም፣ አውሮፕላኑ ሲዞር እሱም አብሮ ዞረ፣ ከዚያ በኋላም እሑድ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ሳትጠራ እየመጣች ጣቷን አርሳ መጥረግን ሥራዋ አደረገችው።

አዲስ ስክሪን ለመግዛት ሲነሣ ውብሸት ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም። ቪዲዮ አየ፣ ሰው ጠየቀ፣ ካርቶን ቀድዶ በሃያ ሰባት ኢንችና በሠላሳ ሁለት ኢንች ልክ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎ እፊታቸው ተቀመጠ። ትንሽ ስክሪን ላይ ከፍተኛ ጥራት ቢያደርጉት ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ዝቅተኛ ጥራት ቢዘረጉበት ምስሉ ይሳሳል፣ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ትርሲት ካርቶኖቹን አልፋ መጋረጃ ልትገልጥ ስትሞክር «እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸባት፤ ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም፣ እሱም ያንን ልብ ያለው በማግስቱ ነው።

መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚሸጠው ሙኒር በትዕግሥት አደመጠው።

«ስክሪኑን በምን ያህል ርቀት ነው የምታየው?»

«እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።»

«እንግዲያው ሃያ ሰባቱን በቱ ኬ ጥራት ውሰድ፣ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድህም አይጨነቅም። ሠላሳ ሁለት ካልክ ግን ጥራቱ ከፍ ያለ፣ ፎር ኬ ነው፤ እሱን በዝቅተኛ ጥራት ከከፈትከው ሰው ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆንብሃል።»

የውብሸት ዓይን ከሻጩ ኋላ ካለው፣ አፉ የተከፈተ ትልቅ ካርቶን ላይ ነበር።

«ያኛውስ?»

«ሠላሳ ሁለት፣ ፎር ኬ። ተመላሽ ነው፣ እንከን የለበትም። እንዳንተው አውሮፕላን የሚያበር ደንበኛዬ ወስዶት ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ አመጣና በአሥራ ዘጠኝ ኢንች ለወጠው።»

«በአሥራ ዘጠኝ? ሰውዬው ጤነኛ ነው?»

ሙኒር ሳቀ። «እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ትልቁ ብዙ ያሳያል፣ ለእኛ ትንሹ ይበቃናል› አለኝ። የገረመኝ ሌላ ነው። ድሮ ሻይ ብጋብዘው እንኳ ቸኩያለሁ የሚል ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን የኔን ምሳ በልቶ የጎረቤቴን ጀመረ። ስናየው ተሣቀቅን፣ ዝም ብሎ ይበላል።»

ውብሸትም ሳቀ፣ ካርቶኑንም አሸክሞ ወጣ።

በመጀመሪያው እሑድ የአዲሱ ስክሪን ብርሃን የተጋረደውን ሳሎን ሰማያዊ አደረገው፤ የከፍታ መለኪያው ቁጥሮች ጥርት ብለው፣ የክንፉ ብሎኖች ተለይተው፣ ከታች የዛፎቹ ቅጠል ሲገላበጥ ሳይቀር እየታየ፣ ውብሸት ሕፃን ሆኖ እየሳቀ በገመዶ ኮረብታዎች መሀል ወረደ። ማኮብኮቢያዋ ከሩቅ ታየችው። ጫፏ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብም ታየችው፤ ራስ ነበራት።

ሰው ነው። ከሲታ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በአንድ እጁ የያዘው ሰው፣ ከጠጠሩ ዳር ሣሩ ላይ ቆሟል። ውብሸት ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ለጌጥ ያቆሙት መሰለውና «ጎበዞች!» አለ። ዞሮ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ነፋስ ሣሩን ሁሉ ወደ አንድ ጎን አስተኝቶታል፣ የሰውዬው ልብስ ግን አይንቀሳቀስም፤ ፊቱ ብቻ ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ ይዞራል። ደግሞ ዞረ። ሰውዬው አሁንም ወደሱ ያያል፣ ቀኝ እጁንም አንስቶ የጣቶቹን ጫፍ ሰብስቦ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ያወርዳል፣ ይወስዳል።

«ሰላምታ መሆኑ ነው» አለ ውብሸት ለራሱ። መልሶ እጁን አወዛወዘለት፤ ሰላምታ ስለሰጠ ግን ቀለል አላለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሽታ ገባ። በመጀመሪያ የእርጥብ ሣር ሽታ ነበር፣ ክረምት ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ቀጥሎ ግን ሌላ መጣ፤ ሰው እህል ሳይቀምስ ሲውል ከአፉ የሚወጣው፣ ጎምዛዛ፣ ደረቅ፣ የባዶ ሆድ ሽታ። ትርሲት ቧንቧ ነው ብላ ፈላ ውኃ አፈሰሰችበት። ውብሸት ከየት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ ፊቱን ወደ ስክሪኑ በጣም ሲያስጠጋ ይበረታል። አልተናገረም። ቢናገር መጋረጃው ይከፈታል፣ ስክሪኑ ይመለሳል።

በሌላ እሑድ ግራፊክስ ካርዱ ስለጋለ የምስሉን ጥራት ለጊዜው ዝቅ አደረገው። ዛፎቹ ደበዘዙ፣ ኮረብታው ተሸረፈ። ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። ፊቱ ካሬ ካሬ ሆኖ ተበታትኖ፣ ሁለት እጁን አፉ መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ጭኖ ይንቀጠቀጣል። ውብሸት ደንግጦ ጥራቱን መለሰው፤ ሰውዬው እየተንገዳገደ ተነሣ። ውብሸት ትንሽ አሰበና እንደገና ዝቅ አደረገው።

ደስ አለው። መካድ አይቻልም፣ ሆዱ ውስጥ የሚኮረኩር ደስታ ተሰማው፤ ሳምንቱን ሙሉ አለቃው ሲጮኽበት የሰነበተ ሰው በአንዲት አዝራር ሌላውን ጉልበቱ ላይ ሲጥል የሚሰማው ዓይነት። ዝቅ አደረገ፣ ከፍ አደረገ። ሰውዬው ወደቀ፣ ተነሣ። በመጨረሻ ሲነሣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው አንድ ሆነው ነበር፣ ጥራቱ ቢመለስም አልተለያዩም።

ሶስና ከኋላው ቆማ ነበር።

«አባዬ፣ ተው! ያመዋል።»

«ሥዕል አያመውም። ሂጂ ተጫወቺ።»

«እኔን ያየኛል» አለችና አባቷን ትታ ወደ እናቷ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የመጣው እሑድ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ ውብሸት ግን እንደ ልማዱ መጋረጃውን ዘጋው። ትርሲት ምስር ወጥና ጎመን በሳህን አድርጋ እጉልበቱ አጠገብ አስቀመጠችለት።  ውብሸት የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ፣ አውሮፕላኑን ገመዶ ላይ አሳርፎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መብላት ጀመረ። ሰውዬው ቅርብ ነበር፤ ከአውሮፕላኑ መስተዋት ፊት ለፊት ቆሞ የጉንጩ አጥንት፣ የተሰነጠቀው ከንፈሩ፣ ዓይኑ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይታያሉ። ዓይኑ ከሳህኑ ወደ ውብሸት አፍ፣ ከአፉ ወደ ሳህኑ ይመላለሳል።

ሶስና ከገበታው ተነሥታ እጁን ጎተተችው።

«አባዬ፣ ሰው እያየህ ዝም ብለህ ትበላለህ? እንብላ አትልም?»

«አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ።»

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ካላልክ እኔ እላለሁ።»

ውብሸት ሳቀ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፣ እስክሪኑ አፍንጫ ሥር አደረሰና እያሾፈ፣ ድምፁን እንደ ድግስ ጠሪ ከፍ አድርጎ «ኧረ እንብላ! እንብላ፣ ጌታው!» አለ። ጉርሻውንም መልሶ እራሱ አፍ ውስጥ ከተተው።

ሰውዬው እጁን አወረደ። ሰው ሲጠራ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ «ብሉ፣ ይባረክ» ይላል፣ ወግ ነው። ይሄኛው አላለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወደ ፊት መራመድ ጀመረ።

መብራት ጠፋ። የካርዱ ማራገቢያ እየተጎተተ ቆመ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ፣ ትርሲት ከኋላው «ኤጭ፣ አሁን ደግሞ!» አለች። የጆሮ ማዳመጫው መጥፋት ነበረበት፤ ውብሸት ግን በሁለቱም ጆሮው ጠጠር ሲረገጥ ይሰማዋል፣ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል እርምጃ፣ ከዚያ የሣር መታሸት፣ ከዚያ ምንጣፍ ላይ የሚያርፍ ባዶ እግር። ያ ጎምዛዛ የባዶ ሆድ ሽታ ፊቱ ላይ ሞቆ መጣ።  ከጉልበቱ አጠገብ ሳህኑ ተንቀሳቀሰ። እጨለማው ውስጥ፣ በጣም ቅርብ፣ የሆነ ሰው ማኘክ ጀመረ።

መብራቱ ሲመለስ ውብሸት ቆሞ ነበር።

እግሩ ሥር ያለው እርጥብ ሣር ነው። ከፊት ለፊቱ፣ ከአንዱ ኮረብታ እስከ ሌላው፣ አንድ ትልቅ መስኮት ሰማዩን ሞልቶታል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የራሱ ሳሎን፣ የራሱ መጋረጃ፣ የራሱ ወንበር ይታያል። ወንበሩ ላይ የእሱን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ የእሱ ፊት ያለው ሰው የሳህኑን ቂጥ በእንጀራ እየጠረገ ይበላል። ሲጨርስ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አስቀመጠ። ወንበሩን ዞር አደረገና ከገበታው ቀርቦ ባዶ በነበረው ቦታ ተቀመጠ።

«ትርሲትዬ፣ ወጥ አለ? ጨምሪልኝ እስቲ» አለ በውብሸት ድምፅ።

ትርሲት ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ የወጣውን ደስታ ውብሸት ካየው ስንት ጊዜው!

«ተመስገን!» አለች። «ዛሬ ገና ሰው ሆንክ።»

ውብሸት ጮኸ። ስሟን ጠራ፣ ደግሞ ጠራ፤ ድምፁ ከአፉ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ እንጂ መስኮቱ ጋ አልደረሰም። ወደ መስኮቱ ሮጠ፣ መስኮቱም በሮጠው ልክ ራቀ። ያኔ ረኃቡ መጣ። ገና አሁን የበላ ሰው የሚርበው ረኃብ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ተራ በተራ ተርቦት ለእሱ የተወለት፣ ከአንጀት አልፎ አጥንት ውስጥ የገባ ረኃብ ነበር። ከመስኮቱ የምስር ወጡ ሽታ ጥርት ብሎ ይመጣል።

ሶስና የተቀመጠችው ፊቷን ወደ ስክሪኑ አድርጋ ነው። አየችው። ዓይኗ እሱ ላይ ቆመ፣ ግንባሯ ተኮሳተረ፣ አንዴ ጎኗ ወደተቀመጠው ሰውዬ፣ አንዴ ወደ መስኮቱ አየች። ውብሸት ቀኝ እጁን አነሣ፣ የጣቶቹን ጫፍ ሰብስቦ ወደ አፉ ወሰደ። ያ ሰላምታ እንዳልነበር የገባው አሁን ነው። ወሰደ፣ አወረደ፣ ወሰደ። አንዲት ቃል ብቻ። ልጁ ታውቃታለች፣ እሱ ነው ያስተማራት፣ ለቆጣሪ አንባቢ፣ ለዜና አንባቢ ያልነፈገችውን ቃል ለአባቷ አትነፍግም።

የሶስና ፊት በራ። ቀና ብላ አፏን ከፈተች።

«እን—»

ሰውዬው ትልቅ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተ።

«አፍሽ ሞልቶ አታውሪ፣ የኔ ማር» አላት። ልጅቷ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታኝካለች፤ ልትውጥ ስትቃረብ ሌላ ጠቀለለላት፣ ከዚያም ሌላ።

«ኧረ ታንቃታለህ!» አለች ትርሲት እየሳቀች። ከዚያ እጁን ያዝ አደረገችው። «ጣትህ ምን ሆኗል? ሁለቱ ተጣብቀዋል እኮ!»

«በር ያዘኝ፣ ይሽራል።» አኘከ፣ ዋጠ፣ ከትከሻው በላይ ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። ውብሸትን ቀጥ ብሎ አየው። ዓይኑ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም፣ ጥላቻ ቢኖር ይሻል ነበር። «እውነትሽን ነበር፤ ይሄ ነገር ቤቱን ሁሉ ያዘው። ነገ ወስጄ በአሥራ ዘጠኝ እለውጠዋለሁ። ትልቁ ብዙ ያሳያል፣ ለእኛ ትንሹ ይበቃናል።»

ትርሲት ተነሥታ መጋረጃውን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

በማግስቱ ስክሪኑ በትንሹ ሲተካ፣ ለውጡን ውብሸት ሳያይ አላለፈም። በመጀመሪያ ጣቶቹ እርስ በርስ ገቡ፣ እጁ ጠርዝ ያለው አንድ ጥርብ ነገር ሆነ፤ ሕመሙ እንዲህ ነው ብሎ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ኮረብታው ተሸረፈ፣ ሣሩ አንድ አረንጓዴ ሆነ። አፉ ያለበት ቦታ ጠፋው፣ ረኃቡ ግን አልጠፋም። በጉልበቱ ወደቀ፣ ጉልበት አልነበረውም። ከሩቅ፣ ከላይ፣ ትንሽ ሆኖ በተከፈተው መስኮት በኩል የቤቱ ሰዎች ቀለም ብቻ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ።

በቀጣዩ እሑድ ከምሳ በኋላ «ነይ ገመዶን ላሳይሽ» የሚል የሞላ አፍ ድምፅ ሰማ፣ የልጁም ፊት ቀርቦ መስኮቱን ሞላው፣ ዓይኖቿ ማኮብኮቢያዋን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹና እሱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ውብሸት በቀረችው ነገር ሁሉ፣ እጅ ይሁን ፊት በማይታወቅ ነገር፣ ወደ ላይ ተዘረጋላት።

«አየሽ ምን አለ?» አላት ሰውዬው።

«ምንም፤ ቆሻሻ ነው» አለች ሶስና፣ ጣቷንም አባቷ እንዳስተማራት በምራቋ አርሳ ጠረገችው።